እትዬ አስካለ ሾተላይ አልነበረባትም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የያዘው ክር ብቻ ነው። ሸማ ተራ ነጠላ እቋጫለሁ። ሸማኔው ሠርቶ ያመጣውን ነጠላ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ጫፉ ላይ የተረፈውን ክር ጥቂት ጥቂት እየያዝኩ አከርራለሁ። ሥራው ወሬ አይከለክልም፤ እኔ ግን ወሬ አልችልም። ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ድምፄ ይጠፋል። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

እዚያው ሱቅ አብራኝ የምትቋጨው እትዬ አስካለ መሞቷን የነገሩን የሱቁ ባለቤት ጋሽ ከድር ናቸው። ጠዋት ሱቁን ከፍተው ከጨረሱ በኋላ ስልክ ተደወለላቸው፤ ሰምተው ሲያበቁ የብረት በሩን መልሰው እስከ ግማሽ አወረዱት።

«ኢና ሊላሂ» አሉ። «አስካለ አርፋለች።»

ለቅሶው ጎጃም በረንዳ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ፣ እሷ ከባሏ ጋር በምትኖርበት ግቢ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ።

«ሾተላይ ነው የበላት» ትላለች አንዷ።

«የፊተኛውንም ልጅ የወሰደባት እሱ አይደል? ሲለምድ መጨረሻ እናቲቱን ነው» ትላለች ሌላዋ።

ሾተላይ የሴትን ልጅ በሆዷ እያለ ይገድላል ይባላል። እኔ ግን እትዬ አስካለን አውቃታለሁ። የነበረባት ስኳር ነው። እኔም ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ አልሳሳትም።

ያወቀችኝም በእሱ ምክንያት ነው። ሱቁ በገባሁበት ዓመት የገና ገበያ ደርሶ ቁርስ ሳልበላ መርፌዬን ወግቼ መጣሁ። ረፋዱ ላይ ክሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ዓይኔን ስገልጥ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ሴት ጭንቅላቴን ደግፋ ለስላሳ በአፌ ታፈስልኛለች። ሌሎቹ ሠራተኞች «ጠበል አምጡ፣ ክብሪት አሽትቷት» ይላሉ። እሷ ሁሉንም ገፋ ገፋ አድርጋ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

«ከያዘሽ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ምኑ?»

«ደባሉ ነዋ! ላብሽን አየሁት እኮ። እኔንም እንደዚሁ ነው የሚያደርገኝ።»

ስኳርን ደባል ነበር የምትለው። «አንድ ክፍል ተጋርቶሽ ይኖራል፤ ኪራይ አይከፍል፣ ዕቃ ይሰብራል፣ ውጣ ቢሉት አይወጣም። ብቻ ፀባዩን ካወቅሽበት አብራችሁ ታረጃላችሁ» ትል ነበር። ስኳሯ ከፍ ያለ ቀን «ደባሌ ሰክሮ ገባ» ትለኛለች፤ ዝቅ ያለ ቀን ደግሞ «ደባሌ ራበው»።

መርፌዋን የምትወጋው ከተደረደረው ጋቢ ጀርባ ተከልላ ነው። ኢንሱሊኗን አጠገባችን ለስላሳ የሚሸጠው ሰው ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች። ለሰውየው የዓይን ጠብታ ነው ብላዋለች። እኔም የራሴን እዚያው ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ሰውየው የሸማ ተራ ሴት ሁሉ ዓይኗን ታማለች ብሎ አመነ።

መጀመሪያ «እርስዎ» ስላት ተቆጣች። «አንቱ አትበዪኝ፤ ገና ልጅ አልወለድኩም፣ አታስረጂኝ። እትዬ ብቻ ይበቃል።» እኔን ደግሞ ዝም ስለምል «ዝም አይነቅዝም» ብላ ስም አወጣችልኝ። ገበያተኛ ሲመጣ እሷን ማየት ነበር። አንዲት ሴትዮ ነጠላውን እያገላበጠች «እትዬ፣ ቀንሺ እንጂ» ስትላት፣ «እቀንሳለሁ፤ ከታች በኩል ልቀንስልሽ ወይስ ከላይ? ከታች ከሆነ ጉልበትሽ ይታያል» አለቻት። ሴትዮዋ ስቃ ሁለት ገዛች።

ስለ ልጇ የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ። ስታገባ ባሏ ጋሽ በላቸው በሽታዋን ያውቁ ነበር። «እናቴ እንዳትሰማ ብቻ» ብለዋት ነበር። «እናቴ ካወቀች በሽተኛ አገባህ ብላ ቤቴን ታፈርሰዋለች።» እሷም ደበቀች። ስታረግዝም ደበቀች፤ ሐኪም ቤት የሄደችው ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው። ስኳሯ ያን ጊዜ ሁሉ ከፍ ብሎ ነበር። ልጁ በስምንት ወሩ ሆዷ ውስጥ ቀጥ አለ።

«ወንድ ነበር» አለችኝ። «ትልቅ። ክርስትና ስላልተነሳ ስምም ፍትሐትም የለው። እኔ ተኝቼ ቀበሩት፤ የት እንደሆነ በላቸው ነው የሚያውቀው፤ ጠይቄው አላውቅም።»

አማቷ እማማ የሻሽ ከጎጃም መጥተው «ይሄ ሾተላይ ነው» አሉ። እትዬ አስካለም አላስተባበለችም። «ሾተላይ ሲሉሽ ሰው ያዝንልሻል፣ መድኃኒት ይፈልግልሻል» አለችኝ። «ስኳር ሲሉሽ ግን ዕቃው ከፋብሪካው የተበላሸ ነው ይሉሻል። እኔም ሾተላዩን መረጥኩ።»

ሐኪም ቤት ግን አንዲት ዶክተር ተቆጥታ እውነቱን ነግራታለች። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ አስካለ ሌላ ሰው ሆነች። ሌላ ልጅ ትፈልጋለች፤ ይህንን አትደብቅም። ግን ሳትዘጋጅ እንደማታረግዝ ለራሷ ምላለች።

«ዶክተሯ እንዳለችኝ» አለችኝ፣ «የልጅ ልቡም ጀርባውም የሚሠራው እናቱ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። የወር አበባዬ ቀረ ብለሽ ስትደነግጪ ግድግዳው ቆሟል። ያኔ ስኳርሽ ከፍ ካለ ግድግዳው ጠማማ ነው የሚቆመው። ለእንግዳ ቤት የሚጠረገው እንግዳው በር ላይ ሲደርስ ነው እንዴ? ቀድሞ ነው!»

ቤቱ እስኪጠረግ ክንዷ ላይ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ አስቀበረች። አማቷ ፊት እጀ ጉርድ ለብሳ አታውቅም። የልጁን ጀርባ ይሠራል የተባለውን ቢጫ ኪኒን፣ ፎሊክ አሲድ ነው የሚባለው፣ አስቀድማ መዋጥ ጀመረች። የግፊት መድኃኒቷ ለፅንስ አይሆንም ተብሎ ተለወጠላት። ዓይኗን ታየች። ጣቷን በየቀኑ ደጋግማ እየወጋች ትለካለች፤ የጣቷ ጫፍ ስለቆሰለ ክር ስትይዝ ያማት ነበር፤ ስለዚህ በቀለበት ጣቷ ማክረር ተለማመደች። ምሳ ከበላች በኋላ አትቀመጥም። እስከ ዱባይ ተራ በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች። «ጫማ ላይ ብዬ ነው» ትላለች፤ አንድም ቀን ጫማ ገዝታ አታውቅም።

ስኳሩን ዝቅ ማድረግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዳንዴ ከልክ በላይ ይወርዳል። እንዲያ ሲሆን ትቆጣለች፣ በላብ ትጠመቃለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦና ከረሜላ አላጣም ነበር።

ከዓመት በላይ እንዲህ ሆነች። በዚህ መሀል እማማ የሻሽ እንደገና መጡ፤ «ልጄ ያለ ዘር ሊቀር ነው» ብለው፣ ላለመመለስ። የሾተላይ መድኃኒት የሚሉትን የተፈጨ ሥር ይዘው ነው የመጡት። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው። እትዬ አስካለ «ሱቅ ሄጄ እጠጣዋለሁ፣ ለሥራ ስወጣ ሆዴ ባዶ ነው» እያለች በጠርሙስ ታመጣና ከሱቁ ጀርባ ባለው ቱቦ ትደፋዋለች። ዶክተሯ ሥራ ሥር እንዳትጠጣ አስጠንቅቃታለች።

«ዘንድሮ ይሄ ቱቦ መንታ ባይወልድ ምን አለች በዪኝ» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ለፋሲካ ነጠላ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። አንድ ረፋድ ላይ እትዬ አስካለ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ዳቦ ሰጠኋት። እያላመጠች ሳለ እማማ የሻሽ ገቡ፤ ጋሽ በላቸው ከኋላቸው ናቸው። ለእናታቸው የፋሲካ ነጠላ ሊገዙላቸው ነበር።

እማማ የሻሽ በሩ ላይ ቆመው አማተቡ። «በስመ አብ! በሁዳዴ? ገና ቅዳሴ ሳይወጣ?»

«የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል፣ እማማ» አለች እትዬ አስካለ፤ አፏ ሙሉ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው የሚፈቅዱልሽ? አራስ ነሽ? እርጉዝ ነሽ? በዚህ አፍሽ ነው ልጅ የምትለምኚው? ለካ ሾተላዩ ወዶ አይደለም የማይለቅሽ!»

ገበያተኞቹ ዞር ዞር ብለው አዩ። እትዬ አስካለ ዳቦውን ዋጠች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተነሳች።

«እማማ የሻሽ፣ ሾተላይ የለብኝም። ያለብኝ ስኳር ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ጠዋትና ማታ መርፌ እወጋለሁ። ያ ልጅም የሞተው በእሱ ነው።»

እማማ የሻሽ መጀመሪያ ሳቁ። «ስኳር? የሀብታሙን በሽታ? አንቺ ክር ስታከርሪ የምትውዪ፣ ከየት አምጥተሽው?» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በላቸው፣ ይሄን ነገር ታውቃለህ?»

ጋሽ በላቸው ከመደርደሪያው አንድ ነጠላ አንስተው ጥለቱን ይዳብሱ ነበር። ከፋርማሲ ኢንሱሊኑን በፌስታል ይዘውላት ሲመጡ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

«እኔ እንጃ» አሉ። «አልነገረችኝም።»

እትዬ አስካለ ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላውን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደችና አጠፈችው።

«ይሄ ጥለቱ ደማቅ ነው፤ ለእማማ አይሆንም» አለች። «ዝቅ ያለውን ላሳያችሁ።»

አሳየቻቸው፣ መረጡ፣ ጠቅልላ ሰጠቻቸው፤ ሄዱ። ጋሽ ከድር ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ራሴን መግታት አቃተኝ።

«ለምን ዝም አልሻቸው?»

«ውይ፣ ዝም አይነቅዝም አፍ አወጣች!» አለች። ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ዋሸህ ብዬ እናቱ ፊት ባዋርደው ማታ የምገባው ማን ጋ ነው?»

ከፋሲካ በኋላ ውጤት ልትሰማ ሐኪም ቤት ስትሄድ እኔን ይዛኝ ሄደች። ዶክተሯ «ባለቤትሽ ይምጣ» ብላት ነበር፤ አልመጡም። ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለች። የሦስት ወሩ የስኳር ልክ እንደሚፈለገው ወርዷል። እትዬ አስካለ እጄን ጨበጠችው፤ እስኪያመኝ። ዶክተሯ ግን አልጨረሰችም።

«ስኳሩን አውርደሻል፤ ብዙ ሰው ያቃተውን ነው ያደረግሽው። ኩላሊትሽ ግን ቀድሞ ተጎድቷል፤ በሽንትሽ ፕሮቲን እየወጣ ነው። እርግዝና ይከብደዋል። ግፊትሽ ሊነሳ ይችላል፤ ኩላሊቱ ጭራሽ ሊያቆም ይችላል። እኔ ብትተዪው እመክርሻለሁ። አረግዛለሁ ካልሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከዓይናችን እንዳትርቂ።»

«የሚከብደው ለልጁ ነው ለእኔ?»

«ለሁለታችሁም። ይበልጥ የምፈራው ግን ለአንቺ ነው።»

«ለእኔ ከሆነማ…» አለችና ሳቀች።

ዶክተሯ አልሳቀችም። «እንደሱ አይባልም፣ አስካለ። አንቺም ሰው ነሽ።»

እትዬ አስካለ ድንገት ወደ እኔ ጠቁማ «ይቺም አለባት፤ ለመጠየቅ አፍራ ነው። የእሷንም ኩላሊት እዩልኝ» አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን በዚያ ምክንያት ነው ዛሬ የኩላሊቴን ሁኔታ የማውቀው፤ ደህና ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቀልድ አልነበረም። ክር ታከርራለች፣ ትለካለች፣ ዱባይ ተራ ደርሳ ትመለሳለች። አንድ ቀን ክንዷ ላይ ፋሻ ተጠምጥሞ መጣች። መከላከያውን አስወጥታዋለች።

«ኩላሊትሽስ?» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ጋሽ በላቸውስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ክደውሽ…»

«ፈሪ ባል ያላት ሴት ልጅ አያምራትም ያለሽ ማነው?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሚ። የመጀመሪያውን ጊዜ በጨለማ ነው የገባሁበት። አሁን መብራት በርቶ አይቼዋለሁ። የኔን አይተሽ ግን እንዳታደርጊው። ያንቺ ኩላሊት ጤነኛ ነው፤ ሳይጎዳ ጠብቂው፣ ጠብቀሽ ውለጂ። እኔ የመጠበቂያው ጊዜ አልፎብኝ ነው የነቃሁት።»

ልክ ነበረች ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ዶክተሯ ተይው ብላታለች። እኔ ቦታዋ ላይ ብሆን እተወው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን እኔ ከምፈልገው ነገር የምሸሽ ሰው ነኝ፤ እኔና እሷ አንድ አይደለንም።

አረገዘች። ክትትሏን አንድም ቀን አላዛነፈችም። መርፌዋ በዛ፣ መለካቱ በዛ። እማማ የሻሽ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ መድኃኒቴ ሠራ ብለው በየቀኑ የማር ብርዝ በጠርሙስ ይልኩላት ጀመር። እሷ ወደ እኔ ታያለች፤ እኔም ወደ እሷ።

«ሁለታችንም ደባል አለብን፤ ለጋሽ ከድር ስጪያቸው» ትለኛለች።

ጋሽ ከድር ብርዙን ጠጥተው ከንፈራቸውን ይልሳሉ። «ማሻ አላህ! እንዲህ ከሆነ እኔ ነኝ የምወልደው» ይላሉ። ሱቁ በሳቅ ይሞላል። ያን ሳቅ ሳስብ አሁን ያመኛል፤ ምክንያቱም እሷ የምትስቀው ያበጠ እግሯን የታሰረ ጋቢ ላይ ሰቅላ ነበር። ጫማዋ እምቢ ብሏት በነጠላ ጫማ ትመጣለች። ጠዋት ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠቦ ነው የምትገባው። «ተኝቼ ነው፣ እንቅልፍ ነው» ትላለች። እንቅልፍ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በሰባተኛው ወር ግፊቷ ተነሳና አልጋ አስያዟት። በየቀኑ ከሥራ በፊት ሾርባ አደርስላት ነበር። አንድ ጠዋት ስደርስ ነርሶቹ ይሯሯጣሉ። ኩላሊቷ ደክሟል፣ ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ብሏል፤ ልጁ ዛሬውኑ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት ተባለ። ጋሽ በላቸው ኮሪደሩ ላይ የእሷን ጋቢ ታቅፈው ቆመዋል። እማማ የሻሽ ግድግዳ ተደግፈው ይጸልያሉ።

እትዬ አስካለ ከኦፕራሲዮን ወጥታ አልነቃችም። ኩላሊቷ አልሠራ አለ። ጥቂት ቀን በማሽን አቆዩዋት፤ ከዚያ ለጋሽ ከድር ስልክ ተደወለላቸው። ልጇን አላየቻትም።

ልጅቷ አለች። በጣም ትንሽ ነበረች፤ ማሞቂያ ውስጥ ብዙ ቆየች። ዶክተሯ ራሷ መጥታ አይታት፣ «ልቧም ጀርባዋም ደህና ነው፤ እናቷ ቀድማ ስለተዘጋጀች ነው» ብላ ለጋሽ በላቸው ስትነግራቸው እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ጋሽ በላቸው ጋቢውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ለእናታቸው ግን አልነገሯቸውም። ዛሬም እማማ የሻሽ ልጅቷን በመጣ እንግዳ ሁሉ ፊት ከፍ አድርገው «የእኔ መድኃኒት ነው ያተረፋት፤ ሾተላዩ ልጅቷን ሲያጣ እናቲቱን ወሰደ» ይላሉ። ቱቦ የጠጣው መድኃኒት ነው።

የተወለደች ዕለት የሆነውን አንድ ነገር ልናገርና ላብቃ። ነርሷ ሕፃኗን ጠቅልላ ከኦፕራሲዮን ክፍል ብቅ ስትል፣ ያ ሁሉ ሰው በሞላበት ኮሪደር ላይ እኔ ጮህኩ። «ስኳሯን ለኩ!» አልኩ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነርሷ «ቀስ በዪ፣ እህቴ፣ ልንለካ ነው» አለች። ሲለኩ ወርዶ ነበር፤ ወዲያው ግሉኮስ ሰጧት።

የጮህኩት ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ እትዬ አስካለን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ሲሄዱ እጄን ስባ ጎንበስ ስላደረገችኝ ነው። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ስለ ራሷ ምንም አላለችኝም።

«ከእኔ የሚወለድ ልጅ እንደወጣ ስኳሩ ይወርዳል» አለችኝ። «ቶሎ ይለኩት። ሰው ይበዛል፣ ነገር ይበዛል፤ እኔን ሲሉ እሱን እንዳይረሱት። አንቺ ጩኺ። እንዳታፍሪ፣ እሺ? ጩኺ።»